የውሮ ጥርስ

ሰበታ፣ ሐሙስ ታኅሣሥ 7 ቀን 2008 ዓ.ም.

መንገዱ በተቃውሞው ዛሬም ዝግ ነው። ታክሲ ስለሌለ አዲስ አበባ ሥራ ሳልገባ ሦስተኛ ቀኔ። ሰው ቤት ሲውል የማያየውን ያያል፤ ድመቴ ውሮ ስታዛጋ ጥርሷ ሥር ቢጫ ድንጋይ የመሰለ ነገር አየሁ። ይለቅ እንደሆነ ብዬ በመፋቂያ ልፍቅላት ሞከርኩ። ክንዴን ቧጨረችኝ፤ ጩኸቷ ሰፈሩን አናጋው።

ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ሁለት ዓመት ስንጎራበት ግቢዬ ገብተው አያውቁም። የገበሬ መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ሰሞኑን ሰላምታችንም ቀዝቅዟል። የበሬ ዕድሜ በጥርሱ እንደሚያይ ሰው ከንፈሯን ገለጥ አድርገው አዩ። ደግሞ ዝም አለችላቸው!

«ይሄ የደረቀው በመፋቂያ አይለቅም፤ የከብት ሐኪም ነው የሚያነሳው። ሌላው እንዳይደርቅ ግን ጣትሽ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ በየቀኑ ጥረጊላት» አሉኝ።

«የበሬም ጥርስ ይጠረጋል እንዴ?» አልኳቸው፤ እውነት ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ሳቁ። «በሬን ሣሩ ያጸዳለታል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ያንቺዋ ወተት የነካ ዳቦ ለምዳ ነው።» ከዚያ ሲሚንቶ የፈሰሰበትን ግቢዬን ቁልቁል አዩ። «የኔዎቹ የሚግጡት እዚህ ነበር» ብለው ወጡ።

ቦታውን ከደላላ ስገዛ የማን እንደነበር አልጠየቅኩም።

ማታ ጨርቁን አርሼ የውሮን ጥርስ ጠረግኩ። ትንሽ ታገለችኝና ተወችኝ። ነገ በትክክል እየጠረግኩ እንደሆነ እንዲያዩልኝ ብጠራቸው፣ ይመጡ ይሆን?