ውሃው ወዴት ይሄዳል

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ዛሬም ሞልቶ አደረ። ሲንኩ አፉ ድረስ። ላዩ ላይ የትናንት ምስር ይንሳፈፋል። በጣሳ እየቀዳሁ ወደ ባልዲ፣ ባልዲውን ተሸክሜ በር ላይ ወዳለው ጉድጓድ። ስድስት ምልልስ። ወገቤ!

አዲስ ኩሽና ማለት ይሄ ነው፣ ደብተሬ። ሴራሚኩ ያበራል። ቁም ሣጥኑ ነጭ ነው። የቧንቧው አንገት እንደ ዳክዬ ተቆልምሟል። ውሃው ግን መሄጃ የለውም።

ሥራው ካለቀ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ። ጓሮ የነበረው አሮጌው ማድቤት ፈረሰ፣ ኩሽናው ከሳሎን ጋር ተገናኘ። የልጄ የሜሮን ሐሳብ ነው። አዲስ አበባ ሆና በስልክ አዘዘች። የካቲት 22፣ እሑድ፣ የእጮኛዋ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ። እናቴን ጭስ ውስጥ እንዳያገኟት አለች። አሁን ጭስ የለም። ሽታ ነው ያለው።

ለምሕረቱ ደወልኩ፣ ለቧንቧ ሠራተኛው። የቤት ለቤት ኅብረታችን አባል ነው፤ ሥራውን ያለ ውል የሰጠሁትም ለዚያ ነው። በጸሎት ተጀመረ፣ በጸሎት አለቀ። ነገ እመጣለሁ አለ። ዛሬ መናኸሪያ ሥራ ላይ ነው።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

መጣ። ከሲንኩ ሥር ያለውን ሲፎን ፈታ፣ አጠበ፣ መልሶ አሰረ። የፈላ ውሃ ደፋበት። ተንቦጫቦጨ፣ ወረደ። ይኸው እትዬ፣ ሄደልዎት! ብሎ አጨበጨበ። ሻዩን ጠጥቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ውሃው ማለቴ ነው፣ እሱማ ስልክም አያነሣ።

ከሰዓት ኅብረቱ እኔ ቤት ነበር። ተራዬ ነው። ዘጠኝ ሰው። መስኮት ሁሉ ከፈትኩ፣ ምንም አልረዳ። አስቴር ምላሷ አያርፍም፦ «ወንድም ምሕረቱ፣ ቱቦህም እንደ ጸሎትህ ነው፤ ይረዝማል እንጂ መጨረሻ የለውም።» ተሳቀ። ምሕረቱም ሳቀ፣ እንደ ነገሩ። የኅብረቱ መሪ ግን አልሳቁም። ለሰው ሲሠሩ ለጌታ እንደሚሠሩ ሆኖ ነው አሉ፣ ስም ሳይጠሩ። ሁሉም ወደ ምሕረቱ አየ። የቤ/ክ አዲሱን አዳራሽ ቧንቧ ለሱ ሊሰጡት ነበር፤ እንግዲህ ይታሰብበታል አሉ።

ምሕረቱ ጉልበቱን ያያል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

 በዝምታ የሚስተካከለኝ የለም።

የካቲት 6፣ ዓርብ

የሴራሚኩ መጋጠሚያ መጥቆር ጀመረ። ዛሬ ጠዋት አባ ኮዳ ግንቡ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ያ የዓሣ ገበያው ትልቁ ወፍ። ከሐይቁ ዳር እኛ ሰፈር ታቦር ድረስ ምን አመጣው? የዓሣ አንጀት ያለ መስሎት ነው። አፈርኩ። በወፍ ፊት አፈርኩ።

ሜሮን ደወለች። ምሕረቱን በስልክ ሰድቤዋለሁ፣ ሌባ ብዬዋለሁ አለችኝ። ምን መለሰልሽ አልኳት። ይቅርታ አለኝ አለች። አበጀሽ አላልኩም። ተይ አላልኩም።

መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አልገባ አለኝ። እኔ ት/ቤት የሄድኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ያዋሱኝ ጎረቤታችን መ/ር ሌዳሞ ናቸው። በግንቡ ላይ ያቀብሉኝ ነበር። ስመልስ «ምን ገባሽ?» ይሉኛል፣ እንደ ተማሪያቸው። የሚያስቅ ነገር ስመልስላቸው ይስቁ ነበር እንጂ አይንቁኝም። ያ ከቀረ አሥራ አራት ዓመት። አንድ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። በጋዜጣ ለብጬዋለሁ። አላነበውም። አቧራውን እጠርጋለሁ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰ.

ምሕረቱ ረጅም ሽቦ ይዞ መጣ። ሰላምታው አጭር። ሻይ እምቢ። ሽቦውን በቱቦው ውስጥ እየገፋ ሜትር ይቆጥራል። ዘጠኝ ላይ ቆመ። መታ፣ መታ። ስብም አይደለም፣ ጭቃም አይደለም አለ። ስቦ አወጣና ጫፉን አሳየኝ። ግራጫ ዱቄት። ሲሚንቶ።

ወደ ጓሮ ወጥቶ ለካ። የኛና የመ/ር ሌዳሞ ግንብ ስምንተኛው ሜትር ላይ ነው። ቱቦው ግንቡን አልፎ ነው የተደፈነው። ከወዲያ በኩል።

ቆሞ አየኝ። እትዬ፣ ይሄ የቀጠልኩበት አሮጌ ቱቦ ታጥፎ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል ብለውኝ አልነበር?

ብዬዋለሁ።

ብዙ አልጠየቀኝም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲሚንቶውን በብረት እበሳዋለሁ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ቤትዎ ቤት ይሆናል አለ። ከወዲያ ያለው ባዶ ጓሮ ነው፣ ማን ያያል? ከዚያ ሳቀ፤ የደፈነው ሰው ግን እጁ ይባረክ፣ እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ሥራ እኔም አልሠራሁ።

ላስብበት አልኩት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ቤ/ክ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁ። ልጻፈው።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት። የመ/ር ሌዳሞ ቤተሰብ ለዘመን መለወጫቸው፣ ለፊቼ በዓል፣ ወደ ገጠር ሄደዋል። ባለቤቴ በግንቡ ሥር ቱቦ አሳልፎ ቀበረ። ከማድቤቱ እስከ በሩ ጉድጓድ ያለው መሬት ዐለት ነው። እኛ ከላይ ነን፣ እነሱ ከታች። ውሃ ቁልቁል ይወዳል አለኝ። ሲሚንቶውን በባልዲ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ከግንቡ ወዲያ አንዲት ክፍል ነበረች። የመ/ር ሌዳሞ እናት ይተኙባታል። ግድግዳዋ ረጠበ፣ አበጠ፣ ተላጠ። አሮጊቷ ሲስሉ ይሰማኛል። ዕቃ እያጠብኩ እሰማለሁ። ዕቃ ማጠቤን አልተውኩም።

መ/ር ሌዳሞ የሰፈር ሽማግሌ ሰበሰቡ። ባለቤቴ የዝናብ ውሃ ነው ብሎ ተከራከረ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ማድቤቱ የሷ ነው፣ እሷ ትናገር። ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ወደ ጉድጓዱ አልኩ።

ሁለት ቃል። መ/ር ሌዳሞ ጎረቤት በሐሰት ከሰዋል ተባሉ። ተነሥተው ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቁ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። እኔን አላዩኝም። መስከረም ላይ እናታቸው ሞቱ። ውሃው ነው ያለ የለም። እኔም አላልኩም። ለቅሶ ሄጄ ተቀምጫለሁ፣ ንፍሮ ቆርጥሜያለሁ።

በኋላ ክፍሏን አፈረሷት። በዚያው ሰሞን የማድቤቴ ውሃ አልሄድ አለ። ባለቤቴ ቆሻሻ ነው ብሎ ተራገመ፣ እኔ ባልዲ አነሣሁ። እስኪሞት በባልዲ። ከሞተ በኋላም በባልዲ። ለምን እንደሆነ ትናንት ነው የገባኝ። ክፍሏን ሲያፈርሱ የቱቦውን አፍ አግኝተውታል። ሽማግሌ አልጠሩም። አልጮኹም። ሲሚንቶ በጥብጠው ደፈኑት።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንደምን አደሩ፣ ወ/ሮ በላይነሽ» ይሉኛል። አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ምሕረቱ ወለሉን ሲቆፍር የአሮጌውን ቱቦ ጫፍ አገኘ። በዚህ ልቀጥለው? ወዴት ይሄዳል? ሲለኝ ያው ሁለት ቃል ከአፌ ወጣ። የዘጋው ቆሻሻ መስሎኝ። አዲሱ ሰው ይጠርገዋል፣ ክፍሏ የለች፣ አሮጊቷ የሉ፣ ማን ይጎዳል ብዬ። እሱ አመነኝ። እህት አትዋሽም።

ሦስት ሳምንት የረገምኩት እጅ የሱ ነው። ጥፋቱ ግን የአፌ ነው።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ምሕረቱን አስጠርቼ ነገርኩት። ሁሉን። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ኅብረቱ ፊት እንደዚያ ስዋረድ እርስዎ ሻይ ይቀዱ ነበርኮ፣ እትዬ አለኝ። እጄ ተበላሸ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሥራ ልለውጥ ለሚስቴ ነግሬያለሁ አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

አይበሳም አልኩት። በትክክል ቢሠራስ? ብዬ ጠየቅሁት። ሳሎኑን መሃል ለመሃል ማፍረስ፣ ግቢውን እስከ በሩ ዐለት መፈልፈል፣ ሁለት ሳምንት አለ። ሴራሚኩ ሱቅ ላይ አልቋል፣ የሚመሳሰል አይገኝም።

ለሜሮን ደወልኩ። ቱቦ ነውኮ እማ፣ ቱቦ ብቻ! ይብሳውና ሰው ይግባ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊ! ታሪኩን ነገርኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ የኔ ነው፣ አወቅሁት። ከዚያ አባዬ ነው ያደረገው አይደል? አለች። አባትሽ ቀበረ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። ዘጋችው።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ኅብረቱ አስቴር ቤት። ከመዝሙሩ በፊት ልናገር አልኩ። ያችን ሁለት ቃል ሳላስቀር ሁሉን ነገርኳቸው። ምሕረቱ በር አጠገብ ተቀምጧል፣ ቀና አላለም። አስቴር እንኳ ቀልድ አጣች። መሪው እንጸልይበት አሉ። ከጸሎቱ በፊት አዳራሹን ለምሕረቱ ስጡት አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሳቋርጥ የመጀመሪያዬ ነው። እሺ አሉ።

ስንወጣ ማንም እጄን አልያዘም። ልክ ናቸው።

የካቲት 12፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 9 ሰ.

መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ የመ/ር ሌዳሞን በር አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱ። አርጅተዋል። ዱላ ይዘዋል። ይግቡ አሉ። እዚሁ ልናገር አልኩ።

አላቋረጡኝም። የተማሪ የቃል ጥናት እንደሚሰማ መምህር እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። አውቃለሁ አሉ። የደፈንኩት ቀን ውሃዋ ሲመለስባት ትመጣለች ብዬ ነበር አሉ። አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ባልዲ ስታመላልሺ ከዚህ ሆኜ አይሽ ነበር። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እል ነበር። ከዚያ መጠበቁን ተውኩት አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«ስለ ራሴ ልል እችላለሁ» አሉ። «ስለ እናቴ ውክልና የለኝም።»

መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ልባጡን ዳሰሱት፣ ገለጥ አደረጉት። ምን ገባሽ ብለው አልጠየቁኝም። በሩ ተዘጋ፣ ቀስ ብሎ።

መደርደሪያው ላይ የመጽሐፉ ቦታ ክፍት ነው። አቧራ የሌለበት አራት ማዕዘን።

የካቲት 16፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰ. ከግማሽ

ሜሮን አልደወለችም። መልእክት ብቻ፦ ቀኑ አይለወጥም። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እሑድ በፈረሰ ወለል መሃል ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ጠያቂ ነው፣ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው አይቀርም። እነግራቸዋለሁ። ከሚዛመዱት ቤት የሚወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ልጄን ቢፈልጉ ይውሰዱ፤ ባይፈልጉ ልጄ እኔን ትጠላኛለች።

ምሕረቱ ነጩ ሴራሚክ ላይ ተንበርክኳል። መሮና መዶሻ። ከግንቡ ወዲያ የዱላ ድምፅ መጥቶ ቆመ። 

ወዴት ልውሰደው፣ እትዬ? አለኝ። እያወቀ ነው። ከአፌ ሊሰማው ነው። መብቱ ነው።

ወደ ጉድጓዱ አልኩት። ጮክ ብዬ፣ ግንቡን እንዲያልፍ። ከዚህ እስከዚያ አሥራ አንድ ሜትር፣ አብዛኛው ዐለት።

ጀምር አልኩት።