ለማርቲ የመረጥኩት ብሌንደር

ማክሰኞ ጥቅምት 5

ውኃ በጠዋት መጣ። ማናዬ ጀሪካኖቹን ሞላች። እኔ ቆሜ ቆጠርኩ... ሌላ ምን ልሥራ?

ዳሌዬ ከተሰበረ ሰባተኛ ሳምንቱ። ከአልጋ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሐኪሙ እስከ ጥር ደረጃ እንዳልነካ አስጠንቅቆኛል። ከበረንዳው የሀና ማርያም ታክሲዎች ይታያሉ። ሰው ይሳፈራል፣ ሰው ይወርዳል። አያለሁ።

የልጄ የማናዬ የወሊድ ፈቃድ ካለቀ ቆየ። ያለ ደመወዝ የወሰደችውም አለቀ። ሰኞ ሀይሌ ጋርመንት ወዳለው ሱፐርማርኬት ትመለሳለች፤ እዚያ ተቆጣጣሪ ነች። ባሏ ዳኜ ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሠራተኛ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ቀን ቀን ልጇ ማርቲ ከእኔ ጋር ነች። ማንሳቱንና ማጠቡን ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ሀኒፋ ትረዳናለች። ማብላቱ የእኔ ነው አልኩ። ስድስት ወሯን ደፍናለች፤ ምግብ ትጀምር ተብሏል።

"የሚፈጭላት ነገር እንግዛ" አለች ማናዬ። ስልኳን ዘረጋችልኝ። በፎቶ ዕቃ አልገዛም አልኳት።

ረቡዕ ጥቅምት 6

በፎቶ መረጥኩ። ወርጄ በእጄ ይዤ ማየት ካልቻልኩ ምን አማራጭ አለኝ?

ሦስት ዓይነት አሳየችኝ። ትልቅ ባለ ብርጭቆ ጆግ ብሌንደር። በእጅ ተይዞ ድስት ውስጥ የሚነከር፣ ጫፉ ላይ ቢላ ያለው። ቅመም መፍጫ። ሀኒፋ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ሦስቱንም ልጆች በሹካ ነው ያሳደግኳቸው። ቀቅሎ መደፍጠጥ ነው።"

"በሹካ የሚደፈጠጠው መፍጫ ሲጠፋ ነው።"

"እሺ፣ የወፍጮው ጌታ" ብላ ሳቀች።

ትሳቅ። ላፍቶ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሞተሩን ፈትቼ ገጥሜ፣ ድንጋዩን ራሴ ወቅሬ ነው ያወቅሁት። ሴቶቹ ሌላውን ወፍጮ አልፈው እኔ ጋ ይመጡ የነበረው ለምንድን ነው? ዱቄቴ ስለሚደቅ ነው። ሻካራ ዱቄት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ ለልጅ ልጄ ሻካራ ላብላ?

ትልቁ ይሁን አልኳት ማናዬን። ጉልበት ያለው።

ቅዳሜ ጥቅምት 9

ማናዬ አራት ፎቅ ተሸክማ አወጣችው። ከመሰካቱ በፊት ገልብጬ በካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቼ ሆዱን ከፈትኩት።

"አባባ፣ ዋስትናው ይቀራል እኮ።"

"የማላውቀው ሞተር እዚህ ቤት አይዞርም።"

የሞተሩ ጥቅል ሽቦ መዳብ ነው፤ ደህና ነው። ቢላዎቹ ግን... ይህ ይቆርጣል እንጂ አይፈጭም። ስለዚህ ብዙ ማዞር ይፈልጋል። ገጥሜ ዘጋሁት።

ሰኞ ጥቅምት 11

ማናዬ ድንች፣ ካሮትና እንቁላል ቀቅላልኝ ሄደች። ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ድንቹና ካሮቱ ላይ አስኳሉን ጨምሬ ብሌንደሩን አስነሳሁት። ቢላዎቹ ባዶውን ዞሩ፤ ምግቡ ጆጉ ጎን ላይ ተለጥፎ ቀረ። ውኃ ጠብ አደረግኩ። አሁንም እንቢ። ጨመርኩ። ተነሳ። በማጥለያ አሳለፍኩት። በሁለት ጣት መካከል ቢታሽ ምንም የማይቆረቁር ሆነ።

ማርቲ ስኒውን ጨረሰች። አልተናነቀችም፣ አላለቀሰችም።

አንድ ሥራ ጨርሼ ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሐሙስ ጥቅምት 14

ሀኒፋ ማንኪያውን አንስታ አዘነበለችው።

"ይሄ ይፈሳል እኮ ጋሼ። ሾርባ ነው።"

"የደቀቀ ነው።"

"ልጅ ድዷን ታሠራው እንጂ። ወፈር ማለት አለበት።"

"ልጅቷን ቀይረሽ ከጨረስሽ በሩን ዝጊው።"

ዘግታ ሄደች። ከሰዓት ልጅቷን ልታነሳልኝ ተመለሰች። አላነጋገርኳትም። እሷ ግን ዝም አላለችም፤ ስለ ደረጃው መብራት ስታወራ ቆየች።

ረቡዕ ጥቅምት 20

ማናዬ ከሥራ ገብታ ልታጠባት ተቀመጠች። ማርቲ ፊቷን አዞረች። ሦስተኛ ቀኗ።

"ወተቴ ደረቀ መሰለኝ አባባ።"

አጥሚት ጠጪ አልኳት።

ማክሰኞ ጥቅምት 26

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ያለፈው ሚዛን ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ። የዛሬው ስድስት ከአራት መቶ። መጨመር ሲገባት ቀነሰች። በአሥራ አምስት ቀን ካልተስተካከለች ወደ ሆስፒታል ይጽፉላታል።

"ስለ ምግቧ አልጠየቁሽም?"

"ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል ትበላለች አልኳቸው። ጥሩ ነው አሉ። የኔ ጡት ነው አባባ። ሥራ በገባሁ በሳምንቱ ነው እንቢ ማለት የጀመረችው።"

ጫማዋን ሳታወልቅ ቆየች።

ረቡዕ ጥቅምት 27

ዛሬ ሁለት ስኒ ሰጠኋት። ደቅቆ፣ እስከ አፉ ሞልቶ።

ቅዳሜ ጥቅምት 30

ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀን። አንድ ጀሪካን፣ እሱም ግማሽ። ማናዬ ሁሉን በስኒ ለክተን እንጠቀም ብላ ሄደች። ስለዚህ ለብሌንደሩ የምጨምረውንም ለካሁ። ከዚህ በፊት ለክቼው አላውቅም፤ እስኪነሳ ድረስ ነበር የማፈስበት።

አንድ ስኒ ምግብ ገባ። ሁለት ስኒ ውኃ። ሦስት ስኒ ወጣ።

ቆየሁ... ደግሜ ቆጠርኩ።

ከሦስቱ አንዱን ትበላለች። የቀረው ይደፋል። ባለፈው ሁለት ስኒ ስሰጣት ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። እኔ ደግሞ ጠገበች ብዬ ደስ አለኝ። በውኃ የተሞላ ሆድ ማታ እንዴት ጡት ይፈልግ?

የማናዬ ወተት አልደረቀም። እኔ ነኝ።

ሦስት ቁና አስረክባኝ አንድ ቁና ብመልስላት፣ ያቺ የወፍጮ ቤት ደንበኛ ምን ትለኝ ነበር? ሌባ።

ሰኞ ኅዳር 2

ብሌንደሩን አልሰካሁም። በሹካ ደፈጠጥኩ። ቅቤ ጨመርኩበት። ማርቲ በመጀመሪያው ማንኪያ ተናነቀች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሀኒፋን ልጠራ በሩን አየሁት። አልጠራሁም። ተፋችውና እንደገና አፏን ከፈተች። አምስት ማንኪያ።

ማናዬ ስትገባ ማርቲ ጡቷን ይዛ አልለቀቀችም። ማናዬ አንገቷን ደፍታ አየቻት። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

ብናገር ልጅቷን ከዚህ በኋላ ማን ይሰጠኛል? ከደጅ ተከልክያለሁ። ከኩሽናውም ከተከለከልኩ የቀረኝ አልጋው ነው።

ረቡዕ ኅዳር 4

ማናዬ ወረቀት ይዛ መጣች።

"አባባ፣ የእርስዎ ጽሑፍ ይሻላል። እስኪ ይዩልኝ።"

የሥራ መልቀቂያ ነው። ዘጠኝ ዓመት። ከገንዘብ ተቀባይነት ተነስታ ተቆጣጣሪ የሆነችበት። "ልጄን በሚገባ ለማጥባት ስል" ይላል። አርብ ታስገባዋለች። ከዚያ እሷም ከአልጋ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ልትል ነው።

አነበብኩ። አንድ ቦታ አራት ነጥብ ጎድሎ ነበር። ጨመርኩላትና መለስኩላት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ ኅዳር 5

ለሥራ ልትወጣ ስትል ጠራኋት። በአፍ ማስረዳት ስላልቻልኩ አሳየኋት። የተቀቀለውን አንድ ስኒ ለካሁ። ውኃውን ለካሁ። አስነሳሁት። ሦስቱን ስኒዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

"ከዚህ አንዱን ነው ስትበላ የከረመችው። ሆዷን ውኃ ሞልቼ ነው ጡት እንቢ ያለችሽ። ተሳስቻለሁ።"

ባለቤቴ ፀሐይወርቅ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ያልሰማችው ቃል ነው።

ማናዬ ስኒዎቹን አየች።

"መቼ አወቁ?"

"ቅዳሜ።"

"ደብዳቤዬን ሲያርሙ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሀኒፋስ ነግራዎት ነበር?"

"ነግራኛለች።"

ቦርሳዋን አነሳች። ደብዳቤው ቦርሳው ውስጥ ነው። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በሩን በኃይል ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 7

አላስገባችውም። ለእኔ አልነገረችኝም፤ በር ላይ ለሀኒፋ ስትነግራት ሰማሁ። "እስከ ማክሰኞ ሚዛን ልጠብቅ" አለቻት።

ከእኔ ጋር አታወራም። ትሰናዳለች፣ ምግቤን ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። ምሳ ሰዓት ሀኒፋ ትገባና ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ማናዬ አዝዛት ነው።

"ወፈር ይበል ጋሼ።"

"ወፍሯል።"

"አልወፈረም። ማንኪያውን ይገልብጡት... አዩ? ወደቀ። ተጣብቆ ይቅር። ደግሞ አይቸኩሉባት፣ የመጀመሪያውን ትዋጠው።"

በገዛ ቤቴ አለቃ ተሾመብኝ። ማንኪያውን ገለበጥኩ። እውነትም ወደቀ። ድንች ጨመርኩበት።

ማክሰኞ ኅዳር 10

ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ከጤና ጣቢያ ተመልሰው ከታክሲ ሲወርዱ አየኋቸው። ከዚህ ከፍታ የማናዬ ፊት አይለይም። እርምጃዋን አየሁ... ከእርምጃ ምን ይታወቃል? ደረጃውን እስክትወጣ ወንበሩ ላይ ደርሼ ተቀመጥኩ።

ገባች። ማርቲን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠቻት።

"ስድስት ኪሎ ከሰባት መቶ።"

በአምስት ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ልጅቷን ያዝኳት፤ ከበደችኝ፣ ወይም መሰለኝ። ስለ ደብዳቤው አልጠየቅኳትም። ከቦርሳዋ አላወጣችውም፣ አልቀደደችውም።

ከሰዓት ተረኛ ነች። ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣

"ምሳዋን ምን ሊያበሏት ነው?" አለች።

ስለ ምስር የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩበት።

"ሀኒፋ ያለችውን" አልኳት።