የአባቴ ቦቲ

ማርች 28

ጠፍጣፋውን ዓሣ ጭስ ላይ ስንሰቅል ዋልን። ፀጉሬ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ማታ እናቴን አገሩ ሁሉ በሚናገረው በላትቪያኛ "እራት ቀርቧል" አልኳት... ቀና እንኳ አላለችም። በሊቭኛ ደገምኩት። "አሁን ሰማሁ" ብላ ሳቀች። ጎረቤታችን ካትሪኔ ከሞተች ወዲህ በገዛ ቋንቋዋ የምታወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነው።

ኤፕሪል 4

የድንበር ጠባቂ ወታደሮቹ አመሻሽ ላይ የባሕር ዳሩን አሸዋ ያለሰልሱታል። ጠዋት በባሕር የገባ ወይም የወጣ ሰው ዱካ ይፈልጉበታል። ሳይነጋ መውረድ ክልክል ነው።

ፋሲካ ደግሞ ደረሰ። "ወፎቹን ማን ሊቀሰቅሳቸው ነው?" አለች እናቴ። ፀሐይ ሳትወጣ ባሕሩ ዳር ካልተዘፈነላቸው ዓመቱ አይሰምርም ባይ ናት።

"ዘንድሮ ይቅርብን እማዬ።"

"ይተኙ በያ። እኛም አብረን እንተኛ።"

አነጋገሯን አልወደድኩትም።

ኤፕሪል 8

ስቅለት። አንድም ወፍ የለም። የወታደሮቹ ውሾች ብቻ ይጮኻሉ። ምን ይሆን እንዲህ የሚያስፈራኝ?

ኤፕሪል 10

ስነቃ አልጋዋ ባዶ። ከዚያ በሩ ተከፈተ... እናቴ፣ የአባቴን ቦቲ ጫማ አጥልቃ። አባቴ በጦርነቱ ጊዜ በጀልባ ወደ ስዊድን ከተሻገረ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር።

"ዱካ እንዳይታይ በጅረቱ ውስጥ ወረድኩ። ዘፈንኩላቸው።"

"በየት ተመለስሽ?"

"በአሸዋው። ደከመኛ።"

ወጥቼ አየሁ። ትልልቅ የወንድ ኮቴ፣ ከባሕሩ ወጥቶ እስከ በራችን። ወደ ባሕሩ የሚወርድ ግን የለም።

ኤፕሪል 11

ወታደሮቹ መጡ። "ባልሽን የት ደበቅሽው?" ወለሉን ሳይቀር ነቃቀሉት። "እኔ ነኝ፣ ወፎች ልቀሰቅስ ወርጄ" አለች። ተረጎምኩላት። መኮንናቸው ሳቀ። እሷንም ቦቲውንም ይዘው ሄዱ።

ኤፕሪል 13

ጣቢያ ተጠራሁ። "ዘፈኑ እውነት ከሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በይ ዝፈኚ" አለኝ መኮንኑ።

ዘፈንኩ። ከግድግዳው ወዲያ እናቴ ተቀበለችኝ... ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ቃል። የመኮንኑ ፊት ተለወጠ። አመነን አልኩ። ከዚያ ድምጿ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

ኤፕሪል 16

ለቀቋት። ምን እንዳደረጓት አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

ኤፕሪል 17

ወፎቹ ገብተዋል። ጣሪያው ላይ ሲንጫጩ ነቃሁ። ደስ አለኝ፣ ሮጬ መስኮቱን ከፈትኩት።

"እማዬ፣ መጡልሽ" አልኳት በሊቭኛ።

ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ በላትቪያኛ፣ በሹክሹክታ፣ "ልጄ" አለችኝ፣ "እንደ ሰው ሁሉ አናግሪኝ።"