ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘጠኝ ማሳዎች

ውድ ጫላ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም፤ አውቃለሁ። ሥራህን ብታቆም ኖሮ እኔም አልጽፍልህም ነበር።

ሊሙ ከተቀበርክ ስድስት ወርህ ነው። አንተ ስልክህን ይዘህ የገበሬውን የቡና ማሳ ዳር ዳሩን ስትዞር፣ እኔ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ቢሮ ተቀምጬ እርምጃህ ስክሪኔ ላይ መስመር ሆኖ ሲሳል አይ ነበር። የጀመርክበት ስትደርስ ማሳው ይመዘገባል። ካርታ የሌለው ቡና አውሮፓ አይገባም የሚል ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ነው ተብሎ ድርጅታችን ተጣድፎ ነበርና። ጠዋት ጠዋት ትደውልና «አቢግያ፣ እኔ በእሾህ መሀል ስዞር አንቺ ማንዳዚሽን እየበላሽ ነው አይደል?» ትለኛለህ። እውነትም እየበላሁ ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተራዘመ ተባለ። አለቃዬ ማዕረግ፣ እዚሁ ኢስትሊ ያደገችው፣ «ፖሌ አቢ፣ ይቅርታ፤ ፕሮጀክቱ ፖዝ ይሁን፤ ልጁን አቁም በዪው» አለችኝ። አልነገርኩህም። ሕጉ ነገ ቢመለስ ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ ገና ያልዞርካቸው ዘጠኝ ማሳዎች ሜዳ ላይ ይቀራሉ አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን የጠዋት ስልክህ እንዳይቀርብኝ ነው። እወድህ ነበር፤ ይኸው አሁን አልኩት። በአራተኛው ቀን ወደ ማዶ ስትሻገር ወንዙ ወሰደህ።

ባለፈው ሰኞ ሕጉ መጣ ተባለ። ወሩ ሳያልቅ ካርታቸው ያልገባ ገበሬዎች ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ። ማክሰኞ ጠዋት ካርታውን ስከፍት ከማዶ አንዱ ማሳ ተሰምሯል፤ በአንተ ስም። ረቡዕ ሌላ። ጉልበትህን ስለሚያምህ ማዕዘን ላይ ቆም ትል የለ? መስመሩም ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ቆም ይላል።

እህትህ ኩለሱም ጋ ደወልኩ።

«ስልኩማ ውኃ ገብቶበት ሳጥን ውስጥ ነው። ምነው እህቴ?» አለችኝ።

«እንዲያው ነው» ብዬ ዘጋሁት።

መሞትህን ያልነገርኳት ማዕረግ ግን ደስ ብሏታል። «ፖአ ሳና! ሰውዬውን ኪፕ ጎይንግ በዪው!» ሞቷል ብላት የገባው ሁሉ ይሰረዛል፤ ገበሬዎቹም ገዢ ያጣሉ። «እሺ» አልኳት። ዓርብ ደግሞ ሕጉ እንደገና ሊራዘም ይችላል ተባለ፤ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ቅዳሜም አምስተኛው መስመር መጣ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አቁም ያለህ ሰው የለም።

ስለዚህ እኔ ልንገርህ። ሥራው ያኔውኑ ቆሞ ነበር፤ ደብቄህ ነው። ይቅር በለኝና ወደ ቤትህ ግባ፣ እረፍ። የቀሩትን አራት ማሳዎች እኔ ሄጄ እዞራቸዋለሁ። ትናንት መዝገቡ ላይ በስምህ ቦታ የእኔን ስም አስገብቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ይህን እየጻፍኩልህ ሳለ ስድስተኛው ማሳ ተሰመረ። ያስገባው ሰው ስም የእኔ ነው። እኔ ገና ከቤቴ አልወጣሁም፤ ቲኬትም አልቆረጥኩም። እግሬ ግን ማሳ ስዞር እንዳደርኩ ሁሉ ዝሏል።

ጫላ፣ እኔንስ አቁሚ የሚለኝ ማን ነው?

ያንተዋ አቢግያ
ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ