ጫፉ ያልተቀበረ ሽቦ

ሰኞ

የአባባ ሬዲዮ ጣቢያው ዛሬም ሸሸ። ጠዋት ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሞክረው ንቅንቅ አላለም ነበር። ሽሮ ሜዳ አባባ ቤት አድርሼው ዊንጌት ሱቄ ሳልመለስ ስልክ ተደወለ። "ልጄ፣ ሰውዬው ጠፋ" አሉኝ። ሰውዬው የሚሉት ዜና አንባቢውን ነው።

አባባ አርባ ዓመት ሸማ ሲሠሩ ሬዲዮ ከጎናቸው አልተለየም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ቀንና ሰዓቱን የሚያውቁት በእሱ ነው። አሮጌው ወድቆ ተሰበረ። አዲስ ገዛሁላቸው፣ ሃያ ቁልፍ ያለው። አንዱን ሲነኩ የማያውቁት ቋንቋ ይመጣል፤ ከዚያ ጎረቤት ይጠራሉ። በሦስተኛው ቀን አጥፍተው ጨርቅ አለበሱት። "ሰው ጠርቼ የምከፍተው ነገር አታምጪብኝ" አሉ።

ስለዚህ ራሴ እየሠራሁላቸው ነው። አንድ ማብሪያ፣ አንድ ድምፅ መጨመሪያ፣ አንድ ጣቢያ። ጣቢያውን እኔ አስተካክዬ ዘግቼዋለሁ፤ እዚያው መቆም ነበረበት። ሽቦ፣ ሶኬትና አምፖል ስሸጥ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሬዲዮ መሥራት ግን ዘንድሮ ነው የጀመርኩት።

ማክሰኞ

ጥፋቱን አገኘሁት። ኮይሉ ነው፤ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የጠመጠምኩት ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ዙሮቹ ትንሽ ከተላቀቁ ጣቢያው ይሸሻል። በጥቁር ፕላስተር ነበር ያሰርኩት፣ እሱ ደግሞ ተንሸራቷል።

ፕላስተሩን ልጬ ጣልኩ። ጧፍ አቀለጥኩና ሽቦው ላይ አንጠባጠብኩ። ሰሙ ሲደርቅ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። ወንድሜ ታደለ ሱቅ ገብቶ ሽታው ሲደርሰው "እህቴ፣ ሬዲዮ ነው የምትሠሪው ወይስ ማኅሌት ልትቆሚ ነው?" አለ። ጠረጴዛ ላይ ሦስቴ ጣልኩት፣ አልተነቃነቀም።

ረቡዕ

ጠዋት አደረስኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ። ሰውዬው ጠፋ።

ሄድኩ። ሬዲዮው መስኮቱ ሥር ነው የተቀመጠው፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ፀሐዩ ቀጥታ ይመታዋል። ከፍቼ ኮይሉን ስነካው ሰሙ ጣቴ ላይ ቀረ። የእኔ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። በሱቄ አየር ሞክሬ ለእሳቸው ቤት ሰጠሁ። ለደንበኛ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ታደለ ማታ በስልክ፦ "ቁልፍ የምትነካላቸው ሠራተኛ ቅጠሪና ይለይልሽ።" ሰው ሳይጠሩ ይክፈቱ ነው የምለው፣ እሱ ሰው ይቀጠር ይላል።

ሐሙስ

እስካሁን የሞከርኩት፦
ፕላስተር፣ ተንሸራተተ።
ጧፍ፣ ቀለጠ።
ሱፐር ግሉ፣ ያዘ፤ ዙሮቹን ላስተካክል ስል ግን የሽቦውን ሽፋን ላጠው። ያ ሽቦ ተጣለ።

ከሰዓት በኋላ ከሱቄ ጎን ጥፍር የምትሠራው ሰናይት ስጨነቅ አይታ መስታወት የመሰለ የጥፍር ቀለም ሰጠችኝ። "ሳህን እያጠብኩ እንኳ ሳምንት ይቆያል" አለች። በቁራጭ ሽቦ ሞክሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት፣ አልለሰለሰም። መድኃኒቱ ይሄ ነው። ችግሩ እስኪደርቅ ነው። ብሩሹን ለማንሳት ጫፉን ስለቀው ሁሉም ዙር ይተረተራል። ሦስቴ ጠመጠምኩ፣ ሦስቴ ተተረተረ። ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል።

ነገ ዕቃውን ይዤ እዚያው እሳቸው ቆርቆሮ ሥር ነው የምሠራው።

ዓርብ

አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ወለሉ ላይ። መጨረሻው ዙር ላይ አመለጠኝ። ሲተረተር እሳቸው ሰሙት።

"ምንድነው የተተረተረው?"

"ሽቦ ነው አባባ። ጫፉ አልይዝ አለኝ።"

"እስቲ አምጪው።"

ቱቦውን በጣታቸው አንድ ጊዜ ዙሪያውን ዳሰሱት። "ጫፉን አልቀበርሽውማ። ሸማኔ ቤት አድገሽ ጫፍ ታንጠለጥያለሽ? ክር አምጪ።"

ክሩን ለሁለት አጥፈው ቱቦው ላይ አጋደሙት፣ እጥፋቱ እንደ ቀለበት ወደ ውጭ ብቅ እንዲል አድርገው። የመጨረሻዎቹን አሥር ዙሮች በላዩ ላይ አስጠመጠሙኝ። የሽቦውን ጫፍ በቀለበቱ አሾለኩና በሌላ በኩል ያሉትን የክር ጫፎች ሳብ አደረጉ። ክሩ ሽቦውን ይዞ ከዙሮቹ ሥር ገባ። "አሁን ልቀቂው" አሉ። ለቀቅኩት። ባለበት ቆመ።

መነሻውንም እንደዚሁ ቀበርነው። ከዚያ የጥፍር ቀለሙን ቀባሁ። አባባ አሸተቱ። "ሬዲዮው ሊዳር ነው እንዴ?" አሉ። ከስንት ቀን በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሽቦ ስሸጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ክር የያዘ ሰው እዚህ ነበር። መጠየቅ አልመጣልኝም። እንድሠራላቸው እንጂ እንዲሠሩልኝ አላሰብኩም።

ሲደርቅ ኮይሉን መልሼ ገጥሜ፣ ጣቢያውን አስተካክዬ እስከ ስምንት ሰዓት ቆየሁ። ቆርቆሮው ጋለ። ሰውዬው ግን አልጠፋም። ያም ሆኖ አንድ ቀን ማስረጃ አይሆንም።

ቅዳሜ

ገበያ ደህና ነው። ስልኩን ሚዛን ላይ እንዳለ ዕቃ ከፊቴ አስቀምጬ ነው የዋልኩት። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባትም። ታደለ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ "ዛሬስ አልጠፋም?" እያለ በየደቂቃው ይነዘንዘኛል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ተደወለ። አባባ ናቸው። ገና ሳላነሳው ቦርሳዬን ይዤ ተነሥቻለሁ።

"አባባ፣ ጠፋ?"

"ምኑ? ሰውዬው ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ዝናብ አለ ብሏል። ደጅ የደረደርሽውን አስገቢ።" ዘጉት።

ወጥቼ አየሁ። ከእንጦጦ በላይ አንድም ደመና የለም። ታደለ ሳቀብኝ።

ቢሆንም ገመዶቹንም አምፖሎቹንም ሁሉንም አስገባሁ።