ማውስ መጨበጥ ላልቻለች እጅ ስለተዘጋው ኪቦርድ

ይድረስ ለተከበሩ የኮምፒውተር መስኮቶች ሠሪ ድርጅት ዋና ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ ደህና ናቸው? እኛ ታላቅ እህቴ ከሥራዋ ልትባረር ከመሆኗ በቀር ምንም አልሆንንም፤ ተመስገን ነው።

እህቴ ፍርድ ቤት ውስጥ ምስክር የሚናገረውን እየተከተለች የምትጽፍ ናት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ማውስ ስትይዝ ቀስቱ እንደ ዝንብ ይዞርባታል፤ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ ካሳረፈች ግን አንድ ቃል አያመልጣትም። ከአንዱ የመጻፊያ ሣጥን ወደ ሌላው በታብ ቁልፍ እየተሻገረች፣ በኢንተር እያጸደቀች ልጆቿን አሳድጋለች።

አንደኛ፤ በቅርቡ የላኩልን የኮምፒውተር ማሻሻያ ፊደል ከመቀበል በቀር የኪቦርድ ትእዛዝ እንዳይሰማ ተደርጎ ስለመጣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ታብ ብትል፣ ኢንተር ብትል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ባለሙያዎችዎም «የፈለገ ሰው ራሱ ያብራው» ብለው መልሰውልናል፤ ትሕትናቸው አንጀት ያርሳል።

ሁለተኛ፤ ማብሪያው የተቀመጠው ማውስ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ነው። የቤቱን መክፈቻ ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የሚቆልፍ ሰው እንኳ ተሳስቶ ነው፤ እናንተ ግን ተሰብስባችሁ፣ መክራችሁ አደረጋችሁት። እኔ ሄጄ ባበራላትም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ መልሶ ዘግቶት ይጠብቃታል።

ሦስተኛውን እንኳ በቀልድ ልነግርዎ አልችልም። ትናንት አንዲት እናት በልጇ ላይ የደረሰውን እያለቀሰች ስትመሰክር እህቴ ወደሚቀጥለው ሣጥን መሻገር አቃታት። ዳኛው ምስክሯን አስቁመው «እንደገና ተናገሪ» ሲሏት ያቺ ሴት አንደበቷ ተያዘ። የእህቴ አለቃም «እትዬ፣ እርስዎም ደክመዋል፤ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሚችል ሰው እንሰጠዋለን» አሏት። ማታ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ስትቀመጥ አየኋት።

ልመናችን አጭር ነው፤ ኪቦርዱ ክፍት ሆኖ ይምጣ፤ መዝጋት የሚያምረው ራሱ ፈልጎ ይዝጋው።

እጅዎን ቁርጥማት እንዳይደፍረው እየተመኘሁ፣ ከመስኮትዎ ሥር ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የጸሐፊዋ ታናሽ ወንድም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የጻፈችው እርሷ ናት፤ አንድ ቃል አላስደገመችኝም። «ላክ» የሚለው የቅሬታ መስኮትዎ ምልክት ግን ያለ ማውስ አልነካም ስላለ እኔ ተጫንኩላት። ሰኞ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እርስዎ መጥተው ይጫኑላት።