ቤቱን በሃሌታው ሃ ገዛሁት

ለምወድህ አባዬ፣ ለመምህር ኃይሉ፤

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ነህ ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማላገኝ ዐውቃለሁ፤ ደብዳቤን ያለ ሰላምታ መጀመር ግን ባለጌነት ነው ብለህ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። ስለዚህ እንደምን ነህ? እኛ ደኅና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ዛሬ ሁለት ነገር ልነግርህ ነው የምጽፈው። አንደኛው፣ ቤት ገዛን። አዎ፣ እኛ! ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ሁለተኛው፣ ቤቱን ለማግኘት ስል ስምህን በተሳሳተ ፊደል አጽፌ ፈርሜያለሁ። ያውም እያወቅኩ። ቁጣህን ትንሽ ያዝ አድርግልኝና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የካዛንቺሱ የቀበሌ ቤታችን ፈረሰ። ሰፈሩ ዛሬ ብትመጣ መንገድ ጠይቀህ ነው የምታልፈው። በምትኩ የተሰጠን ቤት ከከተማው ዳር ስለነበር እማዬ እግሬ አይችልም ብላ እምቢ አለች፤ ቡልጋሪያ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግድግዳ ላይ ምስማር የመታ ግን ጠላታቸው ነው። በዚህ የተነሣ ፎቶህ ሳይሰቀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ከረመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ አንተን አንሥታ አልጋ ላይ ታስቀምጥህና ወንበሩን ለእንግዳው ትሰጣለች። የቤቱ ነገር ያለቀ ዕለት መጀመሪያ የገዛችው ምስማር ነው፤ ያውም ለአንድ ፎቶ የማይገባ፣ አንድ ሙሉ ፓኮ።

ቤቱን ያገኘልን ታምሩ የሚባል ደላላ ነው። ከቤቱ ባለቤት ከወይዘሮ አልማዝ ጋር ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለን ስንነጋገር ቆይተን፣ በመጨረሻ ማኪያቷቸውን ጨልጠው «እሺ፣ ይሁንላችሁ» አሉ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ታምሩ ሣቀብኝ። «እኅቴ፣ ማለቴ፣ አሁን እኮ ነው ሥራው የሚጀመረው። በቃ፣ ነገ ሂል ጫማ እንዳታደርጊ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። መጀመሪያ ካርታው ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ማጣራት ነበረብን። ይኼን ሳያጣሩ ቀብድ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ አንተ እንኳን ቀብድ ልትከፍል፣ ፈተና ሳታይ ውጤት የማትሰጥ ሰው ስለሆንክ በዚህ ትኮራብኝ ነበር። ቀጥሎ ባንኩ ብድሩን ከመፍቀዱ በፊት ቤቱን የሚገምት መሐንዲስ ላከ። መሐንዲሱ በሜትር እየለካ ከክፍል ክፍል ሲሄድ እማዬ ከኋላው እየተከተለች እሱ ያንኳኳውን ግድግዳ እሷም ታንኳኳለች። ሲጨርስ «እንዴት አየኸው ልጄ?» ብላ ጠየቀችው፤ ልጁም ሳይሥቅ «እናቴ፣ እርስዎ እንዳዩት ነው» አላት። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ከዚያ ደግሞ ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ሻጭም ገዢም የትዳር ጓደኛ ካላቸው ባልና ሚስት አብረው ነው የሚፈርሙት፤ የሌለው ደግሞ የሌለው መሆኑን በወረቀት ያሳያል። ወረቀቱን ይዤ ስገባ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «እኔ ስናገር ጨቀጨቅሽኝ ትያለሽ፤ ይኸው በማኅተም መጣልሽ!» አለች። ሣቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አንተ ብትኖር ማኅተሙን ትተህ ቃላቱን ነበር የምታርመው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንተ ብሔራዊ ፈተና እንደምታርም ሁሉ የቡና ቤት ማስታወቂያ ቆመህ የምታርም ሰው ነበርክ። የእኔን ስም በንጉሡ ሠ፣ የአንተን በብዙኃኑ ኃ መጻፍ ያስተማርከኝ ገና ጫማዬን ማሰር ሳልችል ነው። ኃይል በሃሌታው ሃ ከተጻፈ ኃይሉን ያጣል ትለኝ ነበር። እኔም አምንህ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ መታወቂያዬን ያወጣሁ ዕለት ግን «ሰናይት ሃይሉ» ብለው ጽፈው ሲሰጡኝ ወደ ሥራ እየቸኮልኩ ስለነበር ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከሁለት ቃል ሁለት ስሕተት! እንዳታይብኝ ብዬ ያንን መታወቂያ ቦርሳዬ ውስጥ ገልብጬ ነበር የምይዘው። እስከ መጨረሻህ ሳታይብኝ ሄድክ።

ውሉን ግን ራሴ ስላስተየብኩት «ሠናይት ኃይሉ» ብዬ በትክክል አስጻፍኩ። የፊርማው ዕለት ወይዘሮ አልማዝና ለዚሁ ብለው ከአዳማ የመጡት ባለቤታቸው፣ ታምሩና እኔ ውል ለማስመዝገብ ተሰልፈን ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን አየች፣ ውሉን አየች፣ እንደገና መታወቂያዬን አየች። «ስሙ አይገናኝም» አለችኝ። አንድ ነው እኮ፣ ሲነበብ ያው ነው ብዬ ተከራከርኳት። «ለጆሮ ያው ነው እኅቴ፤ ለሲስተሙ ግን ሌላ ሰው ነሽ» አለችኝ። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ክርክሩንም ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ከሁለት አንዱን ምረጪ አለችኝ። ወይ መታወቂያውን አስተካክዬ እመለሳለሁ፣ ይኼ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል፤ ወይ ውሉን በመታወቂያው ፊደል እንደገና አስተይባለሁ፣ ይኼ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ቅያሜ ሳይኖርባቸው፣ ባለቤታቸው ማታውኑ እንደሚመለሱና ሌላ ገዢም እንደሚጠብቃቸው ነገሩኝ። ዛሬ ካልሆነ ይቅር ማለታቸው ነበር።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ለኮንዶሚኒየም ስትመዘገብ የሰጡህን ወረቀት «ይኼ የእኔ ስም አይደለም» ብለህ መለስክ። ነገ ና አሉህ፣ ነገ ሄድክ፤ አሁንም በሃሌታው ሃ ጻፉት፣ አሁንም መለስክ። በሦስተኛው ቀን ስትሄድ ምዝገባው ተዘግቶ ጠበቀህ። እማዬ ያንን ነገር ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር፣ የጋራው መጸዳጃ በተበላሸ ቁጥር ታነሣብህ ነበር። «በፊደል ቤት ያጣ ሰው አንተን ብቻ አየሁ» ትልህ ነበር። አንተም «በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ቤት ምን ያደርግልሻል?» ትላታለህ። በዚህ ጉዳይ ሁሌም ከእሷ ጋር ነበርኩ፤ ይኼንንም አልነገርኩህም።

ስለዚህ ስልክ የደወልኩላት «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ፈርሚ» እንድትለኝ ነበር። ነገሩን አስረዳኋት። ቀስ ብላ «ተይው ሠኒ፤ ቤት ሌላ ይገኛል። የአባትሽን ስም አታበላሺ» አለችኝ። አባዬ፣ ያቺው እማዬ! በዚያ ወረቀት ስንት ዓመት የነዘነዘችህ ሴት! ደረጃው ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እንደምትወድህ ዐውቅ ነበር፤ እንደዚህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ እንዲህ ካለች በኋላ እሷን ይዤ ወደ ሌላ ኪራይ ቤት መሄድ አልቻልኩም። ሰባ ሊሞላት ነው፤ ጉልበቷ ታሟል፤ ደግሞ ምድጃዋን የምታስቀምጥበትን ቦታ ከመሐንዲሱ ኋላ ስትከተል ያኔውኑ መርጣለች። ገብቼ ውሉን እንደገና አስተየብኩ። የአንተ ስም ላይ ሲደርስ ታይፒስቱን «በሃሌታው ሃ» ብዬ የነገርኩት በራሴ አፍ ነው። ልጁ የትኛው እንደሆነ እንኳ አላወቀም፤ በጣቴ ማሳየት ነበረብኝ። ፈረምኩ። አልተጸጸትኩም፤ ይኼንን ላንተ መዋሸት አልፈልግም።

ከውሉ በኋላ የስም ማዛወሩ፣ የግብሩ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ጣጣ ነበር፤ በዚያ ሁሉ አላሰለችህም። ባለፈው ሳምንት ካርታው በስሜ ወጣ። ብድሩ እስኪያልቅ ዋናው ባንክ ነው የሚቀመጠው፤ ለእኛ የደረሰን ኮፒው ነው። አምጥቼ ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ደኅና ናት ብዬ ሻይ ላፈላ ወጣሁ፤ ስመለስ ጎንበስ ብላ በእስክሪብቶ ኮፒው ላይ ትጽፋለች። «ሃ» ላይ ሰርዛ ከላዩ «ኃ» አድርጋበታለች። ፊደሉ ትንሽ ወደ ጎን ዘመም ብሏል። እማዬ ምን ሆነሽ ነው፣ ይኼ እኮ የመንግሥት ሰነድ ነው ስላት «ዋናው እነሱ ጋ አለ አይደል? ይኼ የእኛ ነው» አለችኝ።

አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ በሰው ቤት ኖረህ ነው የሄድከው። አሁን እኔ ባለሁበት ወረቀት ሁሉ ከጎኔ አንተ ስላለህ ካርታውም ላይ አለህ። መታወቂያዬን ለማሳረም ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ቀጥሎ ካርታውን አሳርማለሁ፤ ስንት ጊዜ ቢያመላልሱኝም እመላለሳለሁ፤ አሁን የሚዘጋብን ምዝገባ የለም። አልረሳህም። ቤት ያሳጣህንም ግትርነትህን አልረሳም፤ እሱንማ ለካ እኔም ወርሼዋለሁ።

ልጅህ
ሠናይት ኃይሉ